ግድግዳው ለምን ተሰነጠቀ? ወደ ኢንዶኔዥያ ገጠር ስለሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉዞ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ወደ ኢንዶኔዥያ ገጠር ለበጎ ፈቃድ ሥራ ሊሄዱ ከተዘጋጁ፣ ሄደውም ከተመለሱ ወጣቶች የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም ሰብስበናል። ተመሳሳዮቹን አዋሕደናል፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ስምንት ሆነን ማዕከላዊ ጃቫ ውስጥ በሚገኝ መንደር ለሦስት ሳምንት ልንሠራ ነው። የጋበዘን ማኅበር «በቱሪስት ቪዛ ግቡ፤ ደመወዝ እስካልተቀበላችሁ ችግር የለውም» ይለናል። እንመነው?

መልስ፦ አትመኑት። ሕጉ የሚያየው ቪዛው ለምን ተግባር እንደተሰጠ ነው፤ ተከፈላችሁ አልተከፈላችሁ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. የ2011 የኢሚግሬሽን ሕግ ቁጥር 6 በአንቀጽ 122፣ ከመቆያ ፈቃዱ ዓላማ ውጭ ሆን ብሎ የተንቀሳቀሰ የውጭ ዜጋ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 500 ሚሊዮን ሩፒያ መቀጮ እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። ነገሩ በመባረር ቢያልቅ እንኳ ጣጣው ላስተናገዳችሁ ቤተሰብና ለመንደሩ ሹም ይተርፋል። በሕግ የተመዘገበ ጋባዥ «ፔንጃሚን» ማለትም ዋስ ሆኖ ለማኅበራዊ ተግባር የሚያገለግል ቪዛ ሊጠይቅላችሁ ይችላል። ዋስ መሆን ያልፈለገ ጋባዥ ካጋጠማችሁ ትኬት አትቁረጡ።

ፓስፖርታችሁ ከምትገቡበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን። የቆይታ ጊዜ ካለፈባችሁ መቀጮው በቀን 1 ሚሊዮን ሩፒያ ነው፤ ከ60 ቀን በላይ ከሆነ ግን ገንዘብም አያድንም፣ ትባረራላችሁ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ ዋጋ የለውም። አንድ ነገር ደግሞ ሳናድበሰብስ እንናገር፦ እርጥቡም ሆነ የደረቀው ጫት ሻንጣችሁ ውስጥ እንዳይገኝ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ2009 የኢንዶኔዥያ የናርኮቲክ ሕግ በአንደኛው ምድብ፣ ከሄሮይን ጋር በአንድ መዝገብ ሰፍሯል።

መንደሩ ስትደርሱ ሻንጣ ከመፍታታችሁ በፊት የኤርቴውን ሹም አግኙ። ኤርቴ የጥቂት ደርዘን ጎረቤታሞች አደረጃጀት ነው፤ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያመለክት የሚያዝ ሰሌዳ በብዙ ሰፈር መግቢያ ተሰቅሎ ታያላችሁ። የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ ለየሰዉ ሦስት ሦስት ያዙ። መንደር ውስጥ ኮፒ ማድረጊያ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይበላል።

ጥያቄ፦ የምናርፍበት ቤት ሻወር የለውም፤ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ያለው የውሃ ገንዳ ብቻ ነው ተባልን። እንዴት ነው የሚታጠቡበት? ስለ ትንኝስ ምን እንዘጋጅ?

መልስ፦ ገንዳው «ባክ ማንዲ» ይባላል። ሰው አይገባበትም፤ ሳሙና የነካ እጅም አይነከርበትም። «ጋዩንግ» በሚሉት ባለ እጀታ መቅጃ እየቀዳችሁ፣ ወለሉ ላይ ቆማችሁ ሰውነታችሁ ላይ ታፈሳላችሁ። ገንዳው ውስጥ ገብቶ የተዘፈዘፈ እንግዳ የቤተሰቡን ሁሉ ውሃ አበላሸ ማለት ነው። ባለቤቶቹ ግን ትንፍሽ አይሉም፤ ማታ ዝም ብለው ደፍተው ያጥቡታል። መጸዳጃውም የሚለቀቀው በዚያው መቅጃ በሚፈስ ውሃ ስለሆነ ወረቀት አትጣሉበት።

የትንኙም ጉዳይ ከዚሁ ገንዳ ይጀምራል። ዴንጊን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ የምትራባው በቆሸሸ ኩሬ ሳይሆን በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ዕንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍታ ጥቂት ከፍ ብላ በገንዳው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ግድግዳውን በብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል። ከዕንቁላል እስከ ክንፍ ማብቀል አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅባታልና ማጠቡም በሳምንት አንዴ ይሁን። የኢንዶኔዥያ ጤና ባለሥልጣናት ይህን «ሦስቱ ኤም» በሚል ያስተምራሉ (ሦስቱም ቃላት በቋንቋቸው በ«ኤም» ፊደል ይጀምራሉ)፦ ገንዳን ማጠብ፣ የውሃ ዕቃን መክደን፣ ውሃ የሚያቁር ቆሻሻን መቅበር። ምን እንሥራ ለሚል ቡድን የቅዳሜ ጧት ሥራ ይሄውላችሁ፤ ሲሚንቶም አይጠይቅም።

ኤደስ የምትነክሰው ቀን፣ በተለይ ጧት ማለዳና አመሻሹ ላይ በመሆኑ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድናችሁም። እጅጌው ረጅም ልብስና ዲት የተባለ የትንኝ ማባረሪያ ያለበት ቅባት ያዙ። ድንገት ካተኮሳችሁ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የመድማት አደጋን ያባብሳሉ። ሰው የሚዘናጋው ትኩሳቱ ሲወርድለት ነው፤ አደጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከታየ ወደ «ፑስኬስማስ» (የወረዳው ጤና ጣቢያ) ሂዱ፤ ነገ እንሄዳለን አይባልም።

ወባ በጃቫና በባሊ ብዙም አያሰጋም። ፓፑዋ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሱምባም እንደዚያው። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ መከላከያ መድኃኒቱን ከመነሣታችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት፤ ከተመለሳችሁ ከወራት በኋላም ቢያተኩሳችሁ የነበራችሁበትን ቦታ ለሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳትቀሩ። ባሊና ፍሎረስ የውሻ እብደት በሽታ ያለባቸው ደሴቶች ናቸው። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ለክትባት ሂዱ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ከመንደሩ ሰዎች ጋር የጋራ መታጠቢያና መጸዳጃ ሠርተን ነበር። አሁን በተላከልን ፎቶ ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፦ አንዱ ስንጥቅ በጡቦቹ መገጣጠሚያ በደረጃ መልክ ወደ ማዕዘኑ ይወርዳል፤ ሌላው ከኮለኑ ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ልስኑም እንደ ሸረሪት ድር ሆኗል። ሲሚንቶው መጥፎ ነበር?

መልስ፦ ሦስቱ ስንጥቆች ሦስት የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ ሲሚንቶው ላይ ለመፍረድ የሚያበቃ ግን አንዳቸውም አይደሉም።

በደረጃ መልክ የሚወርደው የመሠረት ነው። በዚያ ማዕዘን በኩል መሬቱ ሰጥሟል። በሩዝ ማሳ ዳርቻ ወይም በአዲስ ድልድል አፈር ላይ ሲሠራ የተለመደ ነው። ለስናችሁ ብትሸፍኑት በሚቀጥለው ዝናብ ይመለሳል። መጀመሪያ ስንጥቁ ላይ አቋርጣችሁ በእርሳስ መሥመር አስምሩበት፤ ቀኑንና ስፋቱን ጻፉበት። መንደሩ ያለ ሰው በየወሩ ይለካላችሁ። ካልሰፋ መስጠሙ ቆሟል፤ ይጠገናል። እየሰፋ ከሄደ ሥራው መሠረቱን ከሥር ማጠናከር ነው።

ከኮለኑ ጎን ቀጥ ብሎ የወጣው ጡቡና ኮለኑ ስላልተያያዙ ነው። ኢንዶኔዥያ የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2006 ዮግያካርታ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው የገደሉት እንዲህ ያልተሳሰሩ የጡብ ግድግዳዎች ናቸው። ስለዚህ ከሥር ግሬድ ቢም (መሠረቱ ላይ የሚያርፍ አግድም የኮንክሪት ማሰሪያ)፣ ከላይ ማሰሪያ ቢም፣ በየማዕዘኑ ኮለን ያስፈልጋል። ኮለኑ ሲሞላ ደግሞ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው እንዲወጣ ተደርጎ በየ6 ድርድር ጡብ ይቀበራል። የመንደሩ ግንበኛ ይህን አያውቅም ብላችሁ አታስቡ። ይህ የሚዘለለው ፌሮ ለመቆጠብ ሲባል ወይም በችኮላ ነው፤ ቸኩሎ የመጣው ደግሞ የመመለሻ ትኬት የቆረጠው ቡድን ነው። ይህ ስንጥቅ ከሁሉም አደገኛ ስለሆነ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው እንዳይቆሙ ዛሬውኑ ንገሯቸው።

የልስኑ የሸረሪት ድር ለዓይን አያምርም እንጂ ክፋት የለውም። ሲሚንቶ የበዛበት ልስን በፀሐይ ቶሎ ሲደርቅ እንዲህ ይሆናል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሮቹን ያዙ። ጡቡ ከመደርደሩ በፊት ውሃ ውስጥ ይነከር፤ ደረቅ ጡብ የሞርታሩን ውሃ ይመጠውና መያያዣው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ሞርታሩ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ፣ ውሃ በሚነካው የግድግዳው የታችኛው ክፍል አንድ ለሦስት ይሁን። መገጣጠሚያው ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። በአንድ ቀን ከ1 ሜትር በላይ ከፍታ አትገንቡ። ወጣቶች እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ ግድግዳውን በአንድ ቀን ጣሪያ ሲያደርሱት ለፎቶ ያምራል፤ የታችኛው ሞርታር ግን ገና ሳይጠና የላዩ ክብደት ያርፍበታል። የኮንክሪት ሥራ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ። የባሕር ዳርቻ አሸዋ በደንብ ካልታጠበ ጨዉ ፌሮውን ይበላዋል። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከየትኛውም የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ የጎረቤት ጉድጓድም ይቆጠራል፣ ቡድኖች የሚረሱትም ይህንኑ ነው።

የሰው አደላደሉን በተመለከተ፦ ጡብ የሚደረድረው «ቱካንግ»፣ ማለትም የመንደሩ ግንበኛ፣ የቀን ዋጋው ተከፍሎት ይሁን። በጎ ፈቃደኛው አሸዋ ይንፋ፣ ውሃ ያመላልስ፣ ጡብ ይንከር። ለአንድ ግንበኛ ሁለት ረዳት ይበቃል። የቀሩት ስድስቱ ሌላ ሥራ ይፈልጉ፤ ስምንት ሰው በአንድ ግድግዳ ዙሪያ መቆም ግንበኛውን ከማስመረር በቀር ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ የምንሄደው በዐቢይ ጾም ነው። ሥጋ፣ ዕንቁላልና ወተት፣ ዓሣም ጭምር ሳንበላ እንዴት እንዘልቃለን?

መልስ፦ ከብዙ አገር የተሻለ ትዘልቃላችሁ። ጃቫ የቴምፔ አገር ናት። ቴምፔ የተቀቀለ አኩሪ አተር በሻጋታ ተያይዞ እንደ ጥፍጥፍ የሚሆን፣ ተቆርጦ የሚጠበስ ምግብ ነው። ታሁም (ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር እርጎ ጥፍጥፍ) አለ፤ ሩዝና ቅጠላ ቅጠል ደግሞ በየማዕዱ አይጠፋም። የምትሰናከሉት በማይታየው ነገር ነው፦ ሳምባል የሚሉት ዳጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ተራሲ» የተባለ ከሽሪምፕ የተሠራ ቅመም ይገባል፤ በኮኮናት ወተት በሚሠራው የአትክልት ወጥም ደረቅ ሽሪምፕ አይጠፋም። «ታንፓ ዳጊንግ፣ ታንፓ ቴሉር፣ ታንፓ ሱሱ፣ ታንፓ ኢካን፣ ታንፓ ተራሲ» በሉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ዕንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ዓሣ፣ ያለ ተራሲ ማለት ነው።

ደግሞ «ፑዋሳ» ነን አትበሉ። ቃሉ ጾም ማለት ቢሆንም ለሙስሊም አስተናጋጅ የሚገባው እንደ ረመዳን ነውና እስከ መግሪብ ውሃም ሳያቀርቡላችሁ በአክብሮት ይጠብቃሉ። «ፓንታንግ» የሚለው፣ ከተወሰነ ምግብ መከልከልን የሚያሳየው ቃል ይቀርባችኋል፤ ካቶሊኮች በሚበዙበት ፍሎረስ ከሆናችሁ ደግሞ ማስረዳትም አያስፈልጋችሁም።

ጥያቄ፦ የቧንቧ መሥመር ቁፋሮ እሑድ ጧት እንዲሆን ስንጠይቅ ሁሉም «እሺ» አሉን። እሑድ የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ይሉኝታን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጃቫዎች «ሱንግካን» ይሉታል፤ ፊት ለፊት እንግዳን አይሆንም ማለት ያሳፍራል። «ቦሌህ» (ይቻላል) ማለት እመጣለሁ ማለት አይደለም። «ናንቲ» (በኋላ) ለዘብ ያለ እምቢታ ሊሆን ይችላል። ከ«አይ» ይልቅ «በሉም» (ገና ነው) ማለት ይቀናቸዋል፤ አግብተሃል ወይ ተብሎ ያላገባው ሰው የሚመልሰው እንኳ «በሉም» ብሎ ነው። ስለዚህ «ትመጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅን ተዉት። «እሑድ ምን ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠርግ፣ አዝመራ ወይም የሌላ ሰፈር ሥራ ካለ ይነግሯችኋል።

ሌላው ስሕተት መንገዱ ነው። መንደሩ የራሱ ደቦ አለው። የመረዳዳት ባህሉ «ጎቶንግ ሮዮንግ»፣ በቀን ተቆርጦ የሚጠራው የጋራ ሥራ ደግሞ «ከርጃ ባክቲ» ይባላል። ጠሪው የኤርቴው ወይም የመንደሩ ሹም ነው፤ ብዙ ጊዜም በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይነገራል። እናንተ ቤት ለቤት ዞራችሁ ስትጠሩ ሥራው የእንግዶቹ ሆነ። በሹሙ በኩል ቢሄድ ኖሮ የመንደሩ ይሆን ነበር፤ ቡናና መክሰሱንም የሰፈሩ ሴቶች ተከፋፍለው ያመጡት ነበር።

ቡናውን ካነሣን ላይቀር፦ «ኮፒ ቱብሩክ» የሚሉት ዱቄቱ ከነስኳሩ ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ የፈላ ውሃ የሚፈስበት ነው። አተላው እስኪወርድ ጠብቁ፤ ባለቤቱ «ሲላካን» (እባካችሁ ጀምሩ) ሳይልም አትጠጡ። የቀረበላችሁን ሳትቀምሱ መነሣት ቅር ያሰኛል፤ ሁለት ጊዜ ፉት ማለት ይበቃል። መቀበልም መስጠትም በቀኝ እጅ ነው።

ጥያቄ፦ ሩዝ መትከል እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፣ ግን በትንሽ ቦታ። ችግኙ 20 ቀን ገደማ ሲሆነው ሁለት ሦስቱ በአንድ ላይ፣ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጠልቆ ይተከላል። ተካዩ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነው የሚሠራው። ጀማሪ በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያሰጥመውና ችግኙ ቅርንጫፍ ማውጣት ያቅተዋል፤ ወይም የገዛ ራሱ የእግር ዱካ ጉድጓድ ውስጥ ይተክለውና ሲነጋ ተንሳፎ ይገኛል። ተካዮቹ ብዙውን ጊዜ የቀን ሂሳብ የሚከፈላቸው ሴቶች ናቸው፤ እናንተ ለፎቶ የገባችሁበትን መሥመር ደግመው ሲተክሉት ጊዜያቸው ይባክናል። እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ጭራሽ አይግባ፤ በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ በማሳው ውሃ በቁስል በኩል ይገባል።

ጥያቄ፦ በጁን መጨረሻ ሄደን ለሁለት ሳምንት እንግሊዝኛ ልናስተምር አስበናል።

መልስ፦ ትምህርት ቤቱ ዝግ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የኢንዶኔዥያ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በጁላይ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት የረፍት ናቸው። ጁላይ መጨረሻ ወይም ኦገስት ይሻላል፤ ኦገስት 17 የነፃነት በዓል በመሆኑ ግን በዚያ ሰሞን መንደሩ ሁሉ በጆንያ ሩጫና በልጆች ውድድር ይጠመዳል።

ሁለት ሳምንት አሥር ክፍለ ጊዜ ነው። አርባ ቃል መርጣችሁ በደንብ አስተምሩ። ከክፍሉ መምህር ጋር ግቡ፣ መምህሩን አትተኩ። ያስተማራችሁትን ቃል በአንድ ደብተር ጽፋችሁ ለመምህሩ ተዉለት። ደብተር ካልተተወ የሚቀጥለው ቡድን ደግሞ «ስሜ እገሌ ነው» ከሚለው ይጀምራል፤ ልጆቹ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ለአምስተኛ ጊዜ ይማራሉ። ሰኞ ጧት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት አለ፤ በሰዓቱ ተገኙ፣ ቁምጣ አትልበሱ።

ጥያቄ፦ ተመልሰናል። ስለ ጉዞው የግል ምልከታ ጽፈን እንድናቀርብ ተጠየቅን። ሁላችንም የጻፍነው «ምንም ባይኖራቸውም ደስተኞች ናቸው» የሚል ሆነ። አስተባባሪያችን አልወደደውም።

መልስ፦ እኛም አልወደድነውም። እንግዳ ሲመጣ ፈገግ የሚል ቤተሰብ ደስተኛ ነው ማለት እንግዳ ተቀባይ ነው ማለት እንጂ ሌላ ማስረጃ የለውም። «ምንም የላቸውም» የሚለውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014ቱ የመንደር ሕግ በኋላ፣ ከ2015 ጀምሮ እያንዳንዱ ዴሳ (መንደር) በየዓመቱ ከማዕከላዊው መንግሥት በጀት ይደርሰዋል፤ አጠቃቀሙም በመንደሩ ስብሰባ ይመከርበታል። ብዙ ቦታ የበጀቱ ዝርዝር በትልቅ ባነር ታትሞ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ይሰቀላል። በየቀኑ አልፋችሁት የሄዳችሁት ባነር ያ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶ ካላችሁ ገጹን አስተርጉሙትና ከዚያ ጀምሩ።

ደብተራችሁን ገልጣችሁ ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ገባ፣ ማን ገዛው፣ አስተናጋጃችሁ ስንት ሰዓት ተነሥታ ለስምንት ሰው ሩዝ ጣደች፣ እናንተ በመኖራችሁ ከማሳ የቀረው ማን ነው። በቀኝ ያሰባችሁትን ጻፉ። ሁለቱ የማይገናኙበት ቦታ የምልከታችሁ ዋና ነገር ነው። የትኬታችሁን ድምር ከአንድ ግንበኛ የቀን ዋጋ ጋር አስተያዩና ቁጥሩን ሳታለዝቡ አስቀምጡት፤ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። የልጆችን ፎቶ ከነስማቸውና ከነትምህርት ቤታቸው አታውጡ።

ከሦስት ወርና ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ለመንደሩ ሹም በዋትስአፕ ጻፉና ጽሑፉን አሟሉት። «ሁሉ ደህና ነው?» ካላችሁ መልሱ «ባይክ ባይክ ሳጃ» ነው፤ ደህና ነው፣ ደህና ነው። እንዲህ ጠይቁ፦ ቧንቧው ዛሬ ጧት ሲቀዳ ፎቶ ይላክልን፤ መጸዳጃው በዚህ ወር ስንት ጊዜ ተዘጋ፣ ማን ከፈተው፣ ስንት ተከፈለው፤ በሩ ላይ ቁልፍ አለ ወይ፣ ካለስ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?